አንዱን ክፍል ለሦስት ሥራ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን እንደ አዲስ ማደራጀት

ብዙዎቻችን የተማርንባቸው ቤተ መጻሕፍት መልካቸው አንድ ነበር። በሩ ላይ «ዝምታ!» የሚል ጽሑፍ፤ ገባ ሲሉ የእንጨት ባንኮኒ፤ ከባንኮኒው ጀርባ በሽቦ የታጠረ መደርደሪያ፤ ፊት ለፊት ደግሞ አራት ሰው የማያነቃንቃቸው ረጃጅም ጠረጴዛዎች። መጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪ ርእሱን ይናገራል፣ መታወቂያ ያስይዛል፣ ይጠብቃል። ርእሱን የማያውቅ ተማሪ ግን ምን ብሎ ይጠይቅ? ደብተሩን ገልጦ ተቀምጦ ይወጣል።

እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በኋላም ከመምህራንና ከወላጆች ጋር ሆነን እንደ አዲስ አደራጅተነዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ሥራ ዛሬ ብጀምረው የምከተለውን ቅደም ተከተል ነው። ለርእሳነ መምህራን፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አባላት፣ እንዲሁም የተማሩበትን ትምህርት ቤት ለመርዳት ለሚያስቡ የቀድሞ ተማሪዎች ይሆናል።

1. ሁለት ሳምንት ቁጠሩ

ቀለም ከመግዛታችሁ፣ አናጢም ከመጥራታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። በወረቀቱ ግራ በኩል ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያሉትን ሰዓቶች ወደ ታች ጻፉ። ከላይ ደግሞ አምስት ዓምዶች አስምሩ፦ የራሱን ደብተር የሚያነብ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ የሚያነብ፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚሠራ፣ ከመምህሩ ጋር የመጣ ክፍል፣ እና ፈረቃው እስኪደርስ የሚጠብቅ። በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ዓይናችሁን በክፍሉ ላይ አዙራችሁ ቁጠሩና ሙሉት። ሌላ ጥናት አያስፈልጋችሁም።

እኛ ስንቆጥር ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛው፣ አብዛኛው ተማሪ የሚያነበው የራሱን ደብተር ነበር። ከእኛ የሚፈልገው ወንበር፣ ብርሃንና የከበደውን ጥያቄ የሚያስረዳው ጓደኛ ነው። እኛ ግን «አታውሩ» እያልን ከቦታው የምናስነሣው ያንኑ የሚያስረዳውን ልጅ ነበር። ሁለተኛው፣ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ ክፍሉ መቆሚያ ያጣል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ግን ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ሰዓት መምህር ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ ሊያስተምርበት ይችል ነበር፤ ጠረጴዛዎቹ ስለማይንቀሳቀሱ ማንም አስቦት አያውቅም።

በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎራ ያለ ሰው ደብተሩን ይዞ ቦታ የሚፈልገው ወጣት ምን ያህል እንደሆነ አይቷል። በየትምህርት ቤቱም ያለው ጥማት ያው ነው።

ከቆጠራው ጎን ለጎን ማን እንደማይመጣ ጠይቁ። ሴት ተማሪዎች ከ10 ሰዓት በኋላ የማይታዩት ለምንድን ነው? በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀሰው ልጅ ደረጃውን እንዴት ትወጣዋለች? ከገጠር ቀበሌ ስንቃቸውን ይዘው መጥተው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚማሩት ልጆችስ? እነዚህ ልጆች ጠረጴዛና መብራት የሚያገኙት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ስትሉ የመዝጊያውን ሰዓት ማራዘም ከየትኛውም አዲስ ወንበር ይበልጣል።

2. ግድግዳው ከመነካቱ በፊት የንብረቱን ጉዳይ ጨርሱ

መጻሕፍቱ በሽቦ የታጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ በሠራተኛዋ ስም ይመዘገባል። ሲጠፋ የምትጠየቀው እሷ ናት። ደመወዟ የሚቆረጥ ከሆነ ብትቆልፍ ማን ይፈርድባታል? መደርደሪያ ክፈቱ ብላችሁ ያማረ ዕቃ ብታሠሩም፣ ይህ ጉዳይ እስካልተፈታ ድረስ በሁለተኛው ወር ሽቦው ይመለሳል። ሲመለስ አይቻለሁ።

ስለዚህ ርእሰ መምህሩ፣ የንብረትና የሒሳብ ሠራተኞች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋና የኅብረቱ ተወካይ በአንድ ላይ ይቀመጡ። የምትነጋገሩባቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ፣ ክምችቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ በኮሚቴ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ መደርደሪያው ለተማሪ ክፍት በመሆኑ የሚጠፋው መጽሐፍ እስከ ምን ያህል ድረስ የአገልግሎቱ ወጪ ተደርጎ እንደሚወሰድ ቁጥሩን ራሳችሁ ወስኑ፤ ከዚያ ያለፈው ብቻ ይጣራ። ሦስተኛ፣ ውድ የሆኑትንና ዳግም የማይገኙትን፣ ማለትም ትልልቅ መዝገበ ቃላትን፣ አትላሶችንና የቆዩ ኅትመቶችን፣ በመስታወት ቁም ሣጥን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሌላው ሁሉ ይከፈት።

ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረምበት፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ግልባጩ ይድረሰው። የንብረት ደንቡን የሚነካ ነጥብ ካለ ሥራው ሳይጀመር የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ርእሰ መምህር ይቀየራል፣ የንብረት ሠራተኛም ይዛወራል፤ ከዓመት በኋላ ሠራተኛዋን የሚጠብቃት ያ ወረቀት ነው።

3. የማይነበበውን አውጡ

በብዙ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱ የመማሪያ መጻሕፍት መጋዘንም ነው። መስከረም ላይ የሚታደለውና ሰኔ ላይ የሚመለሰው መጽሐፍ ጥግ ጥጉን ይዞ እስከ ኮርኒሱ ተቆልሏል። ይህን ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩ፤ ትንሽና ጨለማም ብትሆን ደረቅ እስከሆነች ድረስ ትበቃለች። በማንበቢያው ክፍል የሚቀረው ከየትምህርቱና ከየክፍል ደረጃው ጥቂት ቅጂ ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ መደርደሪያውን መጽሐፍ በመጽሐፍ እዩት። ሦስት ክምር ይበቃል፦ የሚቆይ፣ የሚጠገን፣ የሚወጣ። የተሻረ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ከሆነ አንድ ሁለት ቅጂ ለጥያቄ መለማመጃ አስቀሩና ሌላው ይውጣ። ዘመኑ ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያና የተሳሳተ መረጃ የያዘ የጤና መጽሐፍም ይውጣ። ሻጋታ የያዘው ብቻውን ይለይ፤ አጠገቡ ያለውን ይበክላል።

ከውጭ አገር በልግስና ስለሚመጣ መጽሐፍ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ዝም ማለት ብዙ ክፍሎችን አበላሽቷል። የለጋሹን ደግነት አከብራለሁ። ይሁንና ስለ ሌላ አገር የግብር ሕግ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ የ9ኛ ክፍል ተማሪ መደርደሪያ ላይ ቦታ ሲይዝ፣ ልጁ የሚፈልገውን የፊዚክስ ጥያቄና መልስ ይጋርድበታል። ውጭ አገር የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለኮንቴይነር ማጓጓዣ የምታወጡትን ገንዘብ እዚሁ ለሚታተሙ የአማርኛና የየአካባቢው ቋንቋ መጻሕፍት፣ ለጠረጴዛና ለመብራት ብታውሉት ልጆቹ ጋ የሚደርሰው ይበልጣል። መጽሐፍ መላክ ከፈለጋችሁም ሠራተኛዋ ዝርዝር ታዘጋጅላችሁ፤ ከዝርዝሩ ላይ ግዙ።

የሚወጣው መጽሐፍ በኮሚቴ ተፈርሞበት ከመዝገብ ይሰረዝ። በሌሊት ጭናችሁ አትጣሉት፤ ወሬው ከሥራው ይበልጣል።

4. ክፍሉን ለኩ፣ ስሌቱን ሥሩ

ወለሉን ካሬ በተሰመረበት ወረቀት ላይ ሳሉት፤ በወረቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትር ይሁን። በሩን፣ መስኮቶቹን (ከወለል ስንት ከፍ እንደሚሉ ጭምር)፣ ሶኬቶቹንና ምሰሶዎቹን ምልክት አድርጉ። ጠረጴዛና መደርደሪያዎቹን በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ አንቀሳቅሷቸው። ተማሪዎችም ይሞክሩት፤ እኛ ያላየነውን የሚያዩት እነሱ ናቸው።

እንደ ምሳሌ 7 በ8 ሜትር የሆኑ ሁለት ጎን ለጎን ክፍሎችን እንውሰድ። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ቢነሣ 7 በ16፣ ማለትም 112 ካሬ ሜትር ይገኛል። ግን ያ ግድግዳ ሳይታይ እንዳይፈርስ! የኮንክሪት ምሰሶና ማሰሪያ ባለው ቤት ብሎኬቱ ብዙ ጊዜ መሙያ ብቻ ነው፤ በድንጋይ ወይም በጭቃ በተሠራ ቤት ግን ጣሪያውን የተሸከመው እሱ ሊሆን ይችላል። መሐንዲስ ሳያየውና በጽሑፍ ሳይፈቅድ አትንኩት። የማይፈርስ ከሆነ ሰፊ በር ክፈቱበትና አንዱን ክፍል ለዝምታ፣ ሌላውን ለቡድን ሥራ አድርጉ። እንዲያውም ለጆሮ ይሻላል።

አሁን መጻሕፍቱ። አንድ ሜትር መደርደሪያ በአማካይ 30 መጽሐፍ ይይዛል። ከማጥራቱ በኋላ 1800 መጽሐፍ ቢቀራችሁ 60 ሜትር ያስፈልጋል። ሆኖም መደርደሪያ እስከ ጫፉ አይሞላም፤ ሩቡ ባዶ ሲሆን ነው መጽሐፍ ለማውጣትም ለመጨመርም የሚመቸው። ስለዚህ 80 ሜትር ያዙ። ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 5 እርከን የግድግዳ መደርደሪያ 4.5 ሜትር ይሰጣል፤ 12ቱ 54 ሜትር ይሆናሉ። በሁለቱ የዳር ግድግዳዎች ላይ ስድስት ስድስት አድርጓቸው። የቀረውን በሁለት ፊቱ መጽሐፍ የሚይዝ፣ ባለ 3 እርከንና ባለ ጎማ አጭር መደርደሪያ ይሸፍነዋል፤ አንዱ 5.4 ሜትር ነው፣ አምስቱ 27። ተደመረ፣ 81 ሜትር።

ሰውስ? ለአንድ ተቀማጭ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩንና መተላለፊያውን ጨምሮ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። መደርደሪያውና የውሰት ጠረጴዛው የያዙት ሲቀነስ ለ40 ተማሪ ያህል ይቀራል። የአንድ ክፍል ተማሪ ግን 50 አንዳንዴም 60 ነው። እዚህ ላይ ከአያቶቻችን ቤት አንድ መፍትሔ ተገኘ፦ መደብ። በመስኮቶቹ ሥር ግድግዳውን ተከትሎ በብሎኬት የተገነባ ወይም በብረትና በጣውላ የተሠራ መቀመጫ ነው፤ ከፍታው 43 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 45። ለአንድ ሰው 55 ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ 14 ሜትር መደብ 25 ተማሪ ያስቀምጣል፤ ወለሉንም አያጣብብም። ሥሩን ባዶ ትታችሁ ብትሠሩት ቦርሳ ይቀመጥበታል። በጠቅላላ ሥራችን ከወጪው ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል የጠቀመን ነገር አላገኘሁም።

መተላለፊያዎች ከ90 ሴንቲ ሜትር አይጥበቡ። ተሽከርካሪ ወንበር ለመዞር 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ይከፈት። ደረጃ ካለ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ይሠራለት፤ 30 ሴንቲ ሜትር ደረጃ 3.6 ሜትር ተዳፋት ይጠይቃል ማለት ነው። ከዚያ አጥሮ የሚሠራው ለፎቶ እንጂ ለሰው አይደለም።

5. ዕቃውን በሠፈራችሁ አሠሩ

ከውጭ የሚገባ ያማረ የቤተ መጻሕፍት ዕቃ አትመኙ። አንድ ጎማው ሲሰበር መለዋወጫው አይገኝም። በየከተማው ያሉ ብየዳ ቤቶችና አናጢዎች ይህን ሥራ ይችላሉ፤ የሚጎድላቸው ትክክለኛ ልክ ነው፤ ልኩን ስጧቸው።

ጠረጴዛው ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 74 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለሁለት ሰው የሚሆን ይሁን። ሁለቱ ሲገጠሙ 120 በ120 ሆነው አራት ሰው ያስቀምጣሉ፤ ሲደረደሩ የክፍል ረድፍ ይሆናሉ፤ ሲታጠፉ ግድግዳ ሥር ይቆማሉ። 16 ጠረጴዛ 32 ሰው ነው። በመጽሔት ላይ የሚታየውን አንድ ጎኑ ሰፊ አንድ ጎኑ ጠባብ የሆነ ጠረጴዛ እኛም ሞክረነው ነበር፤ የሁለቱ ብየዳ ቤቶች ማዕዘን ስላልገጠመ በየመካከሉ ክፍተት ቀረ። ቀጥ ያለው ይሻላል።

እግሩ ከቀጭን ቱቦላሬ፣ ገጹ ጠርዙ ከተሸፈነ ጣውላ ወይም ኤምዲኤፍ ይሠራ። ሁሉንም ከማሠራታችሁ በፊት አንድ ናሙና አስመጡና ሁለት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች መሬት ሳይጎትቱ ከጥግ ጥግ ይውሰዱት። ካቃታቸው ከባድ ነው፤ መልሱት። ከእግሩ ሥር የላስቲክ ጫማ ይግባለት፤ ይህች ትንሽ ነገር ሊሾ ላይ የሚሰማውን ሲጥሲጥታ ታጠፋለች።

ባለ ጎማው መደርደሪያ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መቶ ኪሎ ገደማ መጽሐፍ ይሸከማል። ቁመቱ ከ120 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ሠራተኛዋ ቆማ በላዩ ታያለች፣ አይገለበጥምም። ስፋቱ ሁለቱ ፊቶች ተደምረው 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጎማዎቹ አራቱም የሚዞሩ፣ ሁለቱ ፍሬን ያላቸው፣ ዲያሜትራቸው ቢያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሶፋ ጠረጴዛ ትንንሽ ጎማ በተሰነጠቀ ሊሾ ላይ ሳምንት አይሞላውም።

የግድግዳ መደርደሪያዎቹ ከ180 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቁሙ፤ ግድግዳው ላይ በብሎን ይታሰሩ። የታችኛው እርከን ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ እርጥበትና ምስጥ የሚመጡት በዚያ በኩል ነው። እርከኑ ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ረዝሞ መሐል ላይ ደጋፊ ከሌለው ይጎብጣል።

6. ሦስቱ አቀማመጦች

ይህ የሥራው ልብ ነው። ክፍሉ በቀን ውስጥ ሦስት መልክ እንዲኖረው ወስኑ፤ እያንዳንዱንም በወረቀት ሳሉት።

የመጀመሪያው የዕለት ተዕለቱ ነው። ከበሩ በጣም የራቀው ጥግ የዝምታ ቦታ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ነጠላ ሆነው ወደ ግድግዳ ወይም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። አጫጭሮቹ መደርደሪያዎች ከመሐል ተሰልፈው ድምፁን ያለዝባሉ። ከእነሱ ወዲህ፣ ወደ በሩ በኩል፣ ጠረጴዛዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ለቡድን ይገጠማሉ፤ እዚያ በዝግታ ማውራት ይፈቀዳል። መደቡ የሁሉም ነው።

ሁለተኛው የክፍል አቀማመጥ ነው። መምህሩ ከሁለት ቀን በፊት ሰዓቱን ያስመዘግባል፤ መደርደሪያዎቹ ወደ ዳር ይገፋሉ፣ ጠረጴዛዎቹ ረድፍ ይይዛሉ፣ መደቡ ተጨምሮ 57 ተማሪ ይቀመጣል። ሦስተኛው የስብሰባ ነው፦ ለሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ ለክርክር፣ ለሚኒ ሚዲያ ዝግጅት፣ ለወላጆች ቀን። ጠረጴዛዎቹ ግድግዳ ሥር ገብተው ወንበሩ በግማሽ ክብ ይዞራል።

አቀማመጥ የሚሳካው መቀየሩ ቀላል ሲሆን ነው። በወለሉ ላይ የእያንዳንዱን አቀማመጥ የጠረጴዛ ማዕዘኖች በተለያየ ቀለም ምልክት አድርጉ፤ ሰማያዊ ለዕለቱ፣ ቢጫ ለክፍል፣ ቀይ ለስብሰባ። ሥዕሎቹን በሩ አጠገብ ስቀሉ። ስምንት ተማሪዎች በአምስት ደቂቃ ካልጨረሱት ዕቃው በዝቷል ወይም ከብዷል ማለት ነው። የቀየረ ሁሉ ወደ ሰማያዊው መልሶ ይወጣል፤ ይህ ሕግ ከሌለ በሳምንቱ ክፍሉ የማንም አይሆንም።

በረንዳ ካላችሁ እሱም ክፍል ነው። አግዳሚና ጥላ ብቻ ይበቃዋል። በተለይ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ጓደኛቸው ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ቦታ ያስፈልጋል። በዝምታ ሕግ የተነሣ ከዛፍ ዛፍ ሲንከራተቱ ያየኋቸው ልጆች አሁንም በዓይኔ አሉ። በረንዳው ላይ «የጮክታ ንባብ ቦታ» ብላችሁ ጻፉበትና ለእነሱ ቅድሚያ ስጡ።

7. ብርሃን፣ ድምፅ፣ መብራት

የጠዋትና የማታ ፀሐይ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ዝቅ ብላ ትገባለች፤ ዓይን ትወጋለች፣ የመጽሐፍ ሽፋን ታነጣለች። በነዚህ በኩል መደርደሪያ ወይም መጋረጃ ይሁን፤ ማንበቢያ ጠረጴዛዎቹ በሰሜንና በደቡብ መስኮቶች በኩል ይቀመጡ። ጠረጴዛው ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ይዙር፤ ፊት ለፊት ከሆነ ያንጸባርቃል፣ ከጀርባ ከሆነ የራስ ጥላ ገጹ ላይ ያርፋል። እንደ አፋርና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ከብርሃኑ ይልቅ ነፋሱ ይቅደም፤ መስኮቶች በሁለቱም በኩል ትይዩ ሆነው ይከፈቱ።

ኮርኒሱ ነጭ፣ ግድግዳው ፈካ ያለ ቀለም ይቀባ። ከወለል እስከ 1.2 ሜትር ያለው በዘይት ቀለም ይሁን፤ ይታጠባል።

በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህርም ሠራተኛም አይሰማም። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከሆነ የመጀመሪያው ወጪያችሁ ኮርኒስ ይሁን። በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ግን ጨርቅና ሰሌን ይቀንሱታል፦ መጋረጃ፣ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ሰሌን፣ ከመደቡ ላይ ስስ ፍራሽ። የእንቁላል ትሪ የሚለጥፉ አሉ፤ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ አይሆንም።

ማታ ጠረጴዛ ላይ የሚያስፈልገው ብርሃን ከ300 እስከ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ በስልክ መተግበሪያ በግምት ይለካል። ኮርኒስ ላይ ብዙ አምፖል ከመደርደር መብራቱን በሽቦ ወደ ጠረጴዛው ዝቅ ማድረግ ያዋጣል። መብራት ሲጠፋስ? ባለ 18 ዋት አሥር የኤልኢዲ መብራቶች 180 ዋት ይወስዳሉ፤ ለሦስት ሰዓት 540 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ይይዛል፤ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚያረጅ 600ውን ብቻ ተጠቀሙ። 200 ዋት የፀሐይ ፓኔል በደህና ቀን ይመልሰዋል። ከዚህ ባትሪ ኮምፒውተር አታስነሡ፤ ለመብራት ብቻ ይሁን።

ሶኬቶቹን በግድግዳው ላይ በየ3 ሜትሩ አድርጓቸው። ወለል ላይ የሚጎተት ገመድ አይኑር፤ የሚንቀሳቀስ ጠረጴዛና የኤሌክትሪክ ገመድ አብረው አይሄዱም።

8. መጻሕፍቱን ልጁ በሚያገኝበት መንገድ ደርድሩ

መጻሕፍትን በይዘታቸው በቁጥር የሚከፋፍለው የዴዊ አስርዮሽ ምደባ ለትምህርት ቤት ይበቃል፤ ከ000 እስከ 900 ያሉትን አሥሩን ዐበይት ክፍሎች በትልቁ በአማርኛ ጽፋችሁ ከመደርደሪያው አናት ላይ ስቀሉ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ እንደሚገኝ ተማሪው አንዴ ካወቀ አይረሳውም። ልብ ወለዱን ግን በቁጥር አታስሩት፤ በደራሲው ስም ፊደል ይደርደር።

እዚህ ላይ የእኛ ብቻ የሆኑ ሁለት ጉዳዮች አሉ። የፈረንጅ ሶፍትዌርና መመሪያ የደራሲን ስም በመጨረሻው ስም ያስቀድማል። እኛ የምንጠራው በራሱ ስም ነው። አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ «አ» ሥር ይቀመጣል፤ «ከበደ፣ አበበ» ተብሎ «ከ» ሥር ከተመዘገበ ማንም አያገኘውም። እንደ አቶ፣ ዶክተር፣ ብላቴን ጌታ፣ ደጃዝማች ያሉ ማዕረጎችም ለአደራደር አይቆጠሩ። ሁለተኛው የፊደል ነው፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። በሽፋኑ ላይ ያለው አጻጻፍ ይከበር፤ ለአደራደር ግን ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቁጠሯቸው፤ ሕጉንም ጽፋችሁ ለጥፉት። በኮምፒውተር ስትመዘግቡ ደግሞ ለአደራደር የሚሆን ሌላ ዓምድ አክሉና በአንዱ ፊደል ብቻ ጻፉበት፤ አለዚያ ፍለጋው ግማሹን ይደብቃል።

በየመደርደሪያው አንድ እርከን ላይ ጥቂት መጻሕፍት ሽፋናቸው ወደ ውጭ ዞሮ ይቁሙ። በጀርባቸው ከተደረደሩት ይልቅ እነሱ ቶሎ ይወሰዳሉ።

9. ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኮርኒስና ቀለም፣ መብራት፣ ባንኮኒውን ማንሣት፣ መደብ፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ። ኮምፒውተር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

ኢንተርኔት ባይኖርም ብዙ ይሠራል። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ከነሥዕሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ሙሉው የእንግሊዝኛው ቅጂ መቶ ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ኮሊብሪ ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ በዚሁ መንገድ ያቀርባል። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በአንድ ደህና ኮምፒውተር ላይ ጫኑት፤ ከተራ የዋይፋይ ራውተር ጋር ሲያያዝ ሃያ ያህል ስልክና ታብሌት በአንድ ጊዜ ይጠቀሙበታል። የመማሪያ መጻሕፍቱን ፒዲኤፍና የቆዩ የፈተና ወረቀቶችንም እዚያው አስገቡ። ትምህርት ቤቱ ስልክ የሚከለክል ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ፣ በተወሰነ ሰዓት እንዲፈቀድ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተስማሙ።

10. ክፈቱት፣ ከዚያ እንደገና ቁጠሩ

የመግቢያና መውጫው በር አንድ ይሁን፤ የውሰት ጠረጴዛው ከእሱ አጠገብ ይቀመጥ። ቦርሳ በቁጥር ተረክቦ የሚያስቀምጥ ተማሪ ይመደብ፤ ቦርሳው የሚጠፋበት ልጅ ዳግም አይመጣም። ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት በጎ ፈቃደኞች ምረጡ፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ፤ አደራደርና ጥገና አስተምሯቸው። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከሚያዝያ ጀምሮ ምሽቱን ክፍት አድርጉ፤ እስከ ግቢው በር ያለው መንገድም መብራት ይኑረው፤ ሴቶቹ የሚቀሩት በዚያ መንገድ ጨለማ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

«ዝምታ!» የሚለውን ጽሑፍ አንሡና በየቦታው የሚፈቀደውን ጻፉ፦ «እዚህ ለብቻ እናነባለን»፣ «እዚህ እንረዳዳለን»።

በተከፈተ በስድስተኛው ሳምንት ያንኑ የቆጠራ ወረቀት ይዛችሁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ዓምዶቹም ሰዓቶቹም አይቀየሩ። እኛ ስንቆጥር የቡድን ቦታው ሞልቶ የዝምታው ጥግ ባዶ ነበር፤ ሁለት መደርደሪያ ሦስት ሜትር ገፋንና ለቡድኑ ጨመርንለት። ግንቦት ላይ ፈተናው ሲቃረብ መልሰን ገፋናቸው።